የልምምዱን ምክንያት ፍለጋ

(ደብረ ብርሃን ላይ ለወጣት ሯጮችና ለአሰልጣኞች የተደረገ ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሏል።)

እንደምን አላችሁ። ብዙዎቻችሁ ጠዋት ረጅሙን ሩጫ ጨርሳችሁ እንደመጣችሁ አውቃለሁ። ቁርስ በወጉ ያልበላም ይኖራል። ስለዚህ ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም። የማወራው ስለ መጽሐፍ ነው። ለውድድር የሚሮጥ ሰው ምን ቢያነብ ይጠቅመዋል? የትኛውንስ በጥንቃቄ ማንበብ አለበት? እዚህ ሰሜን ሸዋ ላይ ሆነን ስናነበው ምን እንለውጥበት?

እዚህ አካባቢ ጎበዝ ሯጭ ሞልቷል። ታዛዥ ሯጭም ሞልቷል። አሰልጣኝ «ዛሬ ዳገት ነው» ሲል ዳገት ይወጣል። «ሺህ ሜትር፣ ስምንት ጊዜ» ሲል ስምንት ጊዜ ይሮጣል። ለምን ስምንት? ለምን ዛሬ? እረፍቱ ለምን ሁለት ደቂቃ ሆነ? ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። መጠየቅ እንደ ድፍረት ይቆጠራል። እኔ መጽሐፍ እንድታነቡ የምፈልገው ለዚህ ነው። መጽሐፍ አሰልጣኝን አይተካም። ስትሮጡ አያያችሁም፤ ፊታችሁ ሲገረጣም አያውቅም። ምክንያቱን ግን ይነግራችኋል። ምክንያቱን ያወቀ ሯጭ ክለብ ቢቀይር፣ አሰልጣኝ ቢቀየርበት፣ ብቻውን ውጭ አገር ቢሰነብት ግራ አይገባውም።

ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠራው። መጻሕፍቱ ላይ ያለው እሱ ስለሆነ ስታነቡ እንዳትቸገሩ ነው።

ከሮም ልጀምር። በ1960 እዚሁ ሰሜን ሸዋ፣ ጃቶ በምትባል መንደር የተወለደው አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ማራቶን አሸነፈ። 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ፤ የዓለም ክብረ ወሰን ነበር። ይህን የማያውቅ እዚህ ቤት የለም። ሁለተኛው ሞሮኳዊው ራዲ እንደነበር የምታውቁም ትኖራላችሁ። ሦስተኛውስ? ባሪ ማጊ ይባላል፤ የኒውዚላንድ ሰው ነው። ስሙን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ማጊን ያሰለጠነው ሰው ኋላ የጻፈው መጽሐፍ ዛሬም ድረስ በዓለም ላይ ያሉ አሰልጣኞች የሚመላለሱበት ነው።

አርተር ሊዲያርድ ይባላል። ኦክላንድ ውስጥ ጫማ ፋብሪካ ይሠራ ነበር። የስፖርት ሳይንስ ትምህርት ቤት አልገባም። የሞከረው በራሱ ሰውነት ላይ ነው። ትንሽ ሮጦ አየ፣ ከልክ በላይ ሮጦ አየ፣ ከዚያ ልኩን ፈለገ። በዚያው በሮም ኦሎምፒክ በአንድ ቀን ሁለት ልጆቹ ወርቅ አመጡለት። ፒተር ስኔል በ800 ሜትር፣ መሬይ ሃልበርግ በ5,000 ሜትር። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1962፣ ከጋርት ጊልሞር ጋር ሆኖ የሚያውቀውን ጻፈ። ርዕሱ ወደ አማርኛ ሲመጣ «ወደ ጫፍ ሩጥ» ይሆናል።

የመጽሐፉ ፍሬ ነገር ቅደም ተከተል ነው። ሯጭ መጀመሪያ መሠረት ይሠራል። ለብዙ ሳምንታት፣ በሳምንት 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሮጣል። ትንፋሽ እስኪቆራረጥ አይደለም፤ እየተንቀራፈፈም አይደለም። እሑድ እሑድ 35 ኪሎ ሜትር አለ፤ ዳገትና ቁልቁለት የበዛበት መንገድ ነው። የ800 ሜትር ሯጩ ስኔል ሳይቀር ይሮጠዋል። እስቲ አስቡት፤ ሁለት ዙር ብቻ ለሚወዳደር ሰው 35 ኪሎ ሜትር! ከዚያ የዳገት ሳምንታት ይመጣሉ። ከዚያ የፍጥነት። በመጨረሻ ልምምዱ ይቀንስና ውድድር ይመጣል።

ለምን በዚህ ቅደም ተከተል? የልብ ጉልበትና ጡንቻ ውስጥ ያሉት ደቃቅ የደም ሥሮች የሚያድጉት ቀስ ብለው ነው። ወራት ይፈልጋሉ። አንዴ ካደጉ ግን ቶሎ አይከዱም። ፍጥነት ግን በጥቂት ሳምንት ይመጣል፤ አላግባብ ከጨመቁት ደግሞ ቶሎ ይሄዳል። ስለዚህ መጨረሻ ላይ የሚያስፈልገውን መጀመሪያ ላይ አታባክነውም።

አሁን ይህን ይዛችሁ የራሳችሁን ዓመት እዩት። ክለቡ ማጣሪያ አለው። ዞኑ ውድድር አለው። ክልሉ አለው። በመሀል አንድ ማናጀር ልጆች ሊያይ ይመጣል ይባላል፤ ያን ቀን ሁሉም በመጨረሻ አቅሙ ይሮጣል። ልምምድ ላይ ሳይቀር እርስ በርስ መሸናነፍ አለ። ልጁ ጥር ላይ ኮንዲሽን ላይ ነው፤ ሁሉም ያወራለታል። ሚያዝያ ላይ እግሩ አልነሳ ይለዋል። «ምን ነካው?» ይባላል። ምንም አልነካውም። መሠረቱ ሳይጠና ፍጥነቱ ተጨምቆ አለቀ። ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ሁሌም ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ልጁ ራሱን «አልችልም ማለት ነው» ብሎ ነው የሚደመድመው።

አንድ ጥንቃቄ አለኝ። 160 ኪሎ ሜትሩን የሮጡት ዓመታት የሠሩ አዋቂዎች ናቸው። የ16 ዓመት ልጅ ላይ እንዲህ ያለ ቁጥር የሚጭን አሰልጣኝ መጽሐፉን አላነበበውም። ከሊዲያርድ የምንወስደው ቅደም ተከተሉን ነው።

ሁለተኛው ሰው ጃክ ዳንኤልስ ነው። አሜሪካዊ ነው። ራሱ በ1956 እና በ1960 ኦሎምፒክ በዘመናዊ ፔንታትሎን (አምስት ስፖርቶችን ያጣመረ ውድድር ነው) በቡድን ሜዳልያ ያገኘ፣ ከዚያ ሳይንቲስትና አሰልጣኝ የሆነ ሰው። በ1998 ያሳተመው «የዳንኤልስ የሩጫ ቀመር» በሰንጠረዥ የተሞላ ነው። በቅርቡ የሮጥከውን የውድድር ሰዓት ትወስዳለህ፤ ሰንጠረዡ ቀላሉን፣ መካከለኛውን፣ ፈጣኑን ልምምድ በምን ሰዓት መሮጥ እንዳለብህ ይነግርሃል። አምስት ዓይነት ፍጥነት አለው፤ እያንዳንዱ የየራሱ ሥራ አለው። አንዱን ብቻ ላንሳ። በውድድር ለአንድ ሰዓት ያህል ልትቆዩበት የምትችሉት ፍጥነት አለ። በዚያ ፍጥነት 20 ደቂቃ ስትሮጡ ሰውነት ጠንክሮ ሲሠራ የሚያመርተውን ላክቴት የተባለ ንጥረ ነገር እያጸዳ መሄድን ይማራል። ከዚያ ትንሽ ብትፈጥኑ የበለጠ ጎበዝ አትሆኑም፤ ሌላ ልምምድ ሆነ ማለት ነው። የታሰበው ሥራም ሳይሠራ ቀረ።

ከሰንጠረዡ በላይ የምወድለት ግን አንድ ጥያቄውን ነው። ዳንኤልስ ማንኛውም ሯጭ በማንኛውም ሰዓት «የዛሬው ልምምድ ዓላማው ምንድን ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ መመለስ መቻል አለበት ይላል። መልስ ከሌለ ልምምዱ ላያስፈልግ ይችላል። አሰልጣኞች፣ ይህን እንደ ተቃውሞ አትውሰዱብኝ። ልጁ ዓላማውን ካወቀ ቀላል ቀን ላይ ጓደኛውን ለመቅደም አይሮጥም። ሥራችሁን ነው የሚያቀልላችሁ።

እዚህ ላይ የእኛ አገር ጉዳይ ይመጣል። የዳንኤልስ ሰንጠረዥ የተሠራው ለዝቅተኛ ቦታ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,840 ሜትር ላይ ናት። ባሕር ዳርቻ ካለ አየር ጋር ሲነጻጸር እዚህ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን 70 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ ሰንጠረዡን እንዳለ ገልብጦ እዚህ ኮሮኮንች ላይ መሮጥ ራስን መጉዳት ነው። ቀላሉ መካከለኛ ይሆናል። መካከለኛው ውድድር ይሆናል። በስልኩ ከኢንተርኔት ፕሮግራም አውርዶ በሦስት ሳምንት የደከመ ልጅ ካያችሁ መጀመሪያ ከፍታውን ጠይቁት። ዳንኤልስ ራሱ ስለ ከፍታ ብዙ ያጠና ሰው ነው፤ መጽሐፉም ይህን ያነሳል። ልጆቻችን ግን ሰንጠረዡን ብቻ ስክሪንሾት አድርገው ነው የሚቀባበሉት።

ከፍታን ካነሳሁ አይቀር አንድ ጥናት ልጥቀስ። በ1997 ሌቪንና ስትሬይ-ጉንደርሰን የተባሉ ተመራማሪዎች የኮሌጅ ሯጮችን በቡድን ከፋፈሏቸው። አንዱ ቡድን 2,500 ሜትር ላይ እየኖረ ለልምምድ ወደ 1,250 ሜትር ይወርዳል። ሌላው እዚያው ከፍታ ላይ ይኖራል፣ እዚያው ይለማመዳል። ሌላው ኑሮውም ልምምዱም ዝቅተኛ ቦታ ነው። በመጨረሻ በ5,000 ሜትር ሰዓቱን ያሻሻለው ከላይ እየኖረ ከታች የተለማመደው ቡድን ነው፤ 13 ሰከንድ ገደማ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከላይ መኖር ደምን ያበረታል። ከታች መለማመድ ደግሞ እግር በእውነተኛው ፍጥነት እንዲሮጥ ያደርጋል።

እንግዲህ የራሳችንን ዞን አስቡት። ከዚህ ተነስታችሁ ጣርማበርን አልፋችሁ፣ ደብረ ሲናን ይዛችሁ ቁልቁል ብትወርዱ ሸዋ ሮቢት ናችሁ። 1,300 ሜትር እንኳ አይሞላም። በአንድ ጠዋት መንገድ ፈረንጆቹ ለጥናት የፈለጉት የከፍታ ልዩነት አለን። ለእሱ ሲሉ አውሮፕላን የሚሳፈሩ ቡድኖች አሉ። ጥናቱ የተደረገው ቆላ ላይ ያደጉ ልጆች ላይ ነው፤ እዚህ ተወልዶ ያደገ ሰው ላይ ለውጡ በዚያው ልክ ይሆናል አልልም። ሙቀቱም አለ፣ ወባውም አለ፣ የመኪና ወጪውም አለ። ግን አንድ ክለብ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ለፍጥነት ልምምድ ቢወርድና ውጤቱን ቢመዘግብ እኔ በግሌ እጓጓለሁ።

ሦስተኛው መጽሐፍ ወፍራም ነው። ደቡብ አፍሪካዊው ሐኪም ቲም ኖክስ በ1985 ያሳተመው «የሩጫ ዕውቀት»። የኋለኛው እትም ከ900 ገጽ በላይ ነው። ከዳር እስከ ዳር አንብቡት አልላችሁም። ስትጎዱ የጉዳቱን ክፍል ግለጡ። ድካም ምን እንደሆነ ማወቅ ስትፈልጉ ያንን ክፍል። ኖክስ ድካም ጡንቻ ላይ ብቻ አይደለም ባይ ነው። አንጎል ሰውነት እንዳይጎዳ አስቀድሞ ልጓም ይይዛል ይላል። ሁሉም ሳይንቲስት አይስማማበትም። ነገር ግን የመጨረሻው 400 ሜትር ላይ ከየት መጣ የማይባል ጉልበት አግኝቶ የሚያውቅ ሁሉ የሚያስብበት ነገር ነው።

ከኖክስ ሌላም ትምህርት አለ። መጽሐፉ ላይ ለሯጭ ካርቦሃይድሬት ዋና ምግብ እንደሆነ ጽፎ ነበር። ከዓመታት በኋላ ራሱ አቋሙን በአደባባይ ቀየረ፤ የድሮውን የራሱን ምክር ተቃወመ። ሌሎች ብዙ ባለሙያዎች ደግሞ አዲሱን አቋሙን አይቀበሉም። እኔም ለረጅም ርቀት ሯጭ አልቀበለውም። ገብስና ጤፍ በልቶ፣ በሶ በጥብጦ ያደገ ሯጭ እንጀራህን ተው ቢባል ምን ይበላል? ምን ለማለት ነው፣ በመጽሐፍ ስለታተመ ብቻ ቃሉ አያልቅም። ጸሐፊው ራሱ ሊመለስበት ይችላል። አንብቡ፤ ከዚያ በሰውነታችሁ ላይ ቀስ ብላችሁ ሞክሩት።

ወደሚያነቃቁት ልለፍ።

ስለ አበበ ከተጻፉት ሁለቱን ባነሳ ልጁ ጽጌ አበበ በ1996 የአባቷን ታሪክ በእንግሊዝኛ አሳትማለች፤ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ቲም ጁዳ ደግሞ በ2008 ጽፏል። እኛ የአበበን ታሪክ በልጅነት ስለሰማነው የምናውቀው ይመስለናል። የምናውቀው ባዶ እግሩን ነው። ለሯጭ የሚጠቅመው ግን ከባዶ እግሩ ጀርባ ያለው ዝግጅት ነው። አበበና አሰልጣኙ ኦኒ ኒስካነን ከውድድሩ በፊት መንገዱን አይተውት ነበር። የአክሱም ሐውልት ያኔ ሮም ነበረች። ወደ መጨረሻው ሲቃረቡ የምትገኝ ቦታ ናት። ጥለህ የምትሄደው እዚህ ጋ ነው ተባባሉ። አበበም እዚያ ሲደርስ ራዲን ጥሎ ሄደ፤ በ25 ሰከንድ ቀደመው።

ሌላም አለ። አበበ ተጠንቀቀው የተባለው የራዲ ቁጥር 26 ነበር። ራዲ ግን የ10,000 ሜትር ቁጥሩን፣ 185ን፣ ለብሶ ሮጠ። አበበ ጎኑ ያለው ሰው ራዲ መሆኑን ሳያውቅ 26ን ከፊት እየፈለገ ነው የሮጠው። እቅድ ነበረው፤ እቅዱ ውስጥ ያለው መረጃ ግን ተሳስቷል። ቢሆንም አልተደናገጠም፤ ፍጥነቱን ጠብቆ ሄደ። ውድድር ላይ አሯሯጭ ያልታሰበ ቦታ ላይ ሲወጣ፣ ውሃ ሲያመልጣችሁ፣ ሰዓታችሁ ሲጠፋ ይህን አስታውሱ።

ከሮም በፊት ደግሞ አዲስ አበባ ላይ 2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ሮጦ ነበር። በዚያ ከፍታ! የሮም ሰዓት ድንገት አልመጣም። ኒስካነን ሰዓት ይመዘግብ ስለነበር ያውቅ ነበር። በ1969 ሸኖ አካባቢ መኪናው ተገልብጦ ሽባ ከሆነ በኋላስ? በቀጣዩ ዓመት እንግሊዝ አገር በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ በቀስት ተወዳደረ። እዚያ ምዕራፍ ላይ ስደርስ ሁሌም መጽሐፉን አስቀምጬ ትንሽ እቆያለሁ።

ልብ ወለድም አለ። አሜሪካዊው ጆን ፓርከር በ1978 ስለ አንድ የማይል ሯጭ የጻፈው ነው፤ «በአንድ ወቅት ሯጭ» ብንለው ይሆናል። አሳታሚ አጥቶ ራሱ አሳተመው፤ ውድድር ያለበት ቦታ እየዞረም ሸጠው። ኋላ ከገበያ ሲጠፋ ሯጮች በውድ እየገዙ ይቀባበሉት ጀመር፤ በ2009 በትልቅ አሳታሚ ወጣ። የሯጭን ብቸኝነት፣ የቀን ተቀን ድግግሞሹን፣ ለሌላ ሰው ማስረዳት የማይቻለውን ድካም እንደሱ የያዘ ልብ ወለድ አላነበብኩም። አንድ ቦታ ላይ ዋናው ሰው በአንድ ቀን 60 ጊዜ 400 ሜትር ያህል ይሮጣል። ልብ ይመታል ስታነቡት። ግን አደራ፣ እንዳትሞክሩት። ልብ ወለድ ነው። ጅማት በልብ ወለድ ውስጥ አይበጠስም።

አሁን ጌጤ ዋሚን ላንሳ። ጫጫ ቅርባችን ነው፤ ከዚያ ነው የወጣችው። በ1999 ሴቪያ ላይ በ10,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። እንግሊዛዊቷ ፓውላ ራድክሊፍ ረጅሙን መንገድ ስትመራ ቆይታ፣ ጌጤ መጨረሻ ላይ ጥላት ሄደች፤ 30 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ ገባች። በ2001 ኦስተንድ ላይ በዓለም አገር አቋራጭ ረጅሙን ራድክሊፍ አሸነፈች፤ በማግስቱ አጭሩን ጌጤ። በ2007 ጌጤ በርሊን ማራቶንን አሸንፋ፣ ከአምስት ሳምንት በኋላ ኒውዮርክ ሄደች። እንደገና ሁለቱ ተገናኙ። ራድክሊፍ በ23 ሰከንድ ቀደመቻት።

ራድክሊፍ በ2004 ሕይወቷን ጽፋለች፤ መጽሐፉ በእጅ ይገኛል። እኔ ግን እነዚያን ውድድሮች በጌጤ አንደበት ማንበብ እፈልጋለሁ። ሴቪያ ላይ ከኋላ ሆና ምን ታስብ ነበር? መቼ ነው «አሁን» ያለችው? ጫጫ እያለች ማን ነው መጀመሪያ ሩጪ ያላት? በአምስት ሳምንት ውስጥ ሁለት ማራቶን ስትሮጥ በመሀሉ ምን ሠራች፣ ምን ተወች? የዚህ አካባቢ ሴት ልጅ ይህን በአማርኛ ብታነበው ከየትኛውም የፈረንጅ መጽሐፍ በላይ ይሆንላታል።

ሴቶች ልጆችን ካነሳሁ፣ አንድ ነገር በግልጽ ልበል። አሰልጣኞችም ስሙኝ። ላውረን ፍሌሽማን የምትባል የአሜሪካ የ5,000 ሜትር ሯጭ በ2023 አንድ መጽሐፍ አውጥታለች። ሴት ሯጭ «ቅለይ፣ ክሺ» እየተባለች ምግብ ስትቀንስ ምን እንደሚደርስባት ይናገራል። የወር አበባ መቅረት የጥሩ ልምምድ ምልክት አይደለም። ሰውነት የሚገባው ምግብ ለሚሠራው ሥራ አልበቃኝም እያለ ነው። ሲቆይ አጥንት ይሳሳል፤ ከዚያ እግር ይሰነጠቃል። እዚህ አገር ስለዚህ ነገር በአፍረት ዝም ይባላል። ልጅቷ ለአሰልጣኟ አትናገርም፤ አሰልጣኙም አይጠይቅም። ዝምታው ጎበዝ ልጆችን እያስቀረብን ነው። ለወንድ አሰልጣኝ መንገር የሚከብዳችሁ ካላችሁ ለጤና ባለሙያ ወይም ለምታምኗት ታላቅ እህት ተናገሩ። ዝም ብላችሁ ግን አትሩጡበት።

ቀጥሎ የምለው መጽሐፍ በየትም መደብር አይሸጥም። የራሳችሁ ደብተር ነው። ኬንያዊው የማራቶን ሯጭ ኤሊውድ ኪፕቾጌ ከ2003 ጀምሮ ልምምዱን በእጁ በደብተር ይጽፋል። ሰውየው በዓለም ላይ የሚፈልገውን መሣሪያ ማግኘት ይችላል። ቢሆንም በእስክሪብቶ ይጽፋል። እናንተ ደግሞ ብዙዎቻችሁ ስልካችሁ ላይ ኪሎ ሜትሩን ብቻ ነው የምታስቀምጡት። ኪሎ ሜትር ብቻውን ምንም አይናገርም። እንዲህ ብትጽፉስ?

«ማክሰኞ። ኮሮኮንች። 1,000 ሜትር 6 ጊዜ፣ መሀሉ 2 ደቂቃ ሶምሶማ። 3:12፣ 3:11፣ 3:11፣ 3:13፣ 3:16፣ 3:19። ነፋስ ከፊት። ማታ አምስት ሰዓት ብቻ ተኛሁ። ከአራተኛው በኋላ ግራ ባቴን ያዘኝ። ዓላማው ምን እንደሆነ አልጠየቅኩም።»

ይህ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ግን እዩት። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ለምን ወደቁ? ነፋሱ ነው? እንቅልፉ ነው? ወይስ መጀመሪያውን አፍጥኖት ነው? አንድ ቀን ብቻ ካየን አይታወቅም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን ግራ ባት እንደገና ቢጽፍ፣ ደግሞ እንቅልፍ ያነሰበት ቀን ላይ ቢሆን፣ ሐኪም ጋ ከመድረሱ በፊት ራሱ ያውቀዋል። አዲስ አሰልጣኝ ሲመጣም «ምን ስትሠራ ነበር?» ቢለው ደብተሩን ያሳየዋል። በአማርኛ ጻፉት። በኦሮምኛ ለሚቀልለው በኦሮምኛ። ፊደሉ ያማረ መሆን የለበትም።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ አንድ ነገር ለአሰልጣኞች አለኝ። ማይክል ክሮሊ የሚባል እንግሊዛዊ አንትሮፖሎጂስት (የሰዎችን አኗኗርና ባህል የሚያጠና ባለሙያ)፣ ራሱም ማራቶን ሯጭ፣ አገራችን ውስጥ 15 ወር ከሯጮች ጋር ኖሮ፣ አማርኛ ተምሮ፣ በ2020 መጽሐፍ አወጣ። ምን ጻፈ? እናንተ በየቀኑ የምታደርጉትን። ጫካ ውስጥ ዛፍ ለዛፍ እየተጠማዘዙ መሮጥን። ከፊት ያለውን ሰው እግር በእግር መከተልን። አስፋልትን በልክ መጠቀምን። ለየልምምዱ ቦታ መምረጥን፣ የቦታውን አየር ማመዛዘንን። ብቻ መሮጥ ለምን እንደማይወደድ። የውጭ አንባቢ በአድናቆት አነበበው። ጥሩ መጽሐፍ ነው፤ በአክብሮት ነው የጻፈው። እኔን የቆጨኝ እኛ ያለመጻፋችን ነው።

የደብረ ብርሃን አሰልጣኝ የሚያውቀውን ማን ያውቃል? ኅዳር ላይ ውርጩ ስንት ሰዓት እንደሚነሳ። ክረምት ላይ የትኛው መንገድ ጭቃ እንደማይዝ። ከገጠር ትምህርት ቤት የመጣ ልጅ የመጀመሪያ ስድስት ወሩን እንዴት መያዝ እንዳለበት። ቤቱ ሲያርስ ውሎ ከሰዓት ልምምድ የሚመጣን ልጅ ስንት ማሮጥ እንደሚገባ። ይህን ሊዲያርድም ዳንኤልስም አያውቁትም። እናንተ ጡረታ ስትወጡ አብሯችሁ ይወጣል። መጽሐፍ ጻፉ ብዬ አላስጨንቃችሁም። የአንድ የውድድር ዘመን ማስታወሻ፣ አሥር ገጽ፣ በእጅ ጽሑፍ። ምን አሠራችሁ፣ ማን ተሻሻለ፣ ማን ተጎዳ። ስፖርት ሳይንስ የምታጠኑ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ደግሞ መጥታችሁ ጻፉላቸው፤ ጠይቋቸው፤ ቅዱላቸው። የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ፍለጋ ሩቅ አትሂዱ።

የቋንቋው ነገር እንደሚያስቸግር አውቃለሁ። ያነሳኋቸው መጻሕፍት በእንግሊዝኛ ናቸው፤ ዋጋቸውም ቀላል አይደለም። ስለዚህ ብቻችሁን አታንብቡ። ከየክለቡ እንግሊዝኛ የሚቀናው አንድ ልጅ አይጠፋም። በሳምንት አንድ ምዕራፍ ያንብብና እሑድ ከረጅሙ ሩጫ በኋላ በአማርኛ ያስረዳችሁ። እናንተ ሞግቱት። አንድ መጽሐፍ ለሃያ ሰው ይበቃል።

ከንግግሩ በኋላ ከተነሱት ጥያቄዎች አንዱን እዚህ ልጨምር። አንዲት የ5,000 ሜትር ሯጭ ተነስታ፣ «አሰልጣኜን ለምን ብዬ ብጠይቀው ተናነቀችኝ ቢልስ?» አለች። እንዲህ አልኳት፦ ልምምድ መሀል አትጠይቂው። ልጆች ፊትም አትጠይቂው። ካለቀ በኋላ ለብቻው ሆኖ ስታገኚው፣ «ጋሼ፣ ከዛሬው ምን እንዳገኘሁ ደብተሬ ላይ ልጽፍ ነበር» በይው። መልሱ ምንም ቢሆን ጻፊው።

ይህን ጊዜ ከኋላ የተቀመጡ አንድ አሰልጣኝ ተነሱ። ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ነው። «እኔ ከሰኞ ጀምሮ ከልምምዱ ጎን ዓላማውን ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፤ እናንተ ግን ዳገቱን የሚያወራውን ምዕራፍ አንብባችሁ ኑ፤ የምንከራከርበት ነገር አለኝ» አሉ። የትኛው ዳገት ላይ፣ ስንት ጊዜ የሚለው ክርክር እዚያው አዳራሽ ውስጥ ተጀመረ፤ ስንወጣም አላለቀም ነበር።